ፕራዶና ሰባት ሰው

ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ኪሎ ተነስተን ወደ ቢሾፍቱ እየወረድን ነው። ሰባት ነን። እኔ መሪው ላይ፣ ባለቤቴ ጎኔ። መሃል ላይ አማቴ፣ ትልቋ ልጄና በልጅ ወንበሩ የታሰረው ትንሹ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደግሞ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄና የባለቤቴ የእህት ልጅ። ይኼ የእህት ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሎጋ ነው። ቃሊቲ ሳንደርስ በስፔኪዮ አየሁት። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሷል፤ አንገቱን ወደ ጎን ሰብሯል።

"ተመቸህ?" አልኩት።

"ምንም አይልም እትዬ" አለኝ። ይሉኝታ ነው።

አጠገቡ ያለው ልጄ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። "እማዬ፣ ሊያስመልሰኝ ነው!" ብሎ ጮኸ። የፌስታል ፍለጋ ተጀመረ። ፌስታሉ ሲገኝ ነገሩ አልፎ ነበር።

"ሰባት ሰው ይይዛል" እና "ሰባት ሰው ይመቸዋል" የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው።

መኪናዬ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፕራዶ ነው። በፈረንጅ የ2014 ሞዴል፣ ባለ 3.0 ሊትር ናፍታ፣ አውቶማቲክ። አራት ዓመት ነድቼዋለሁ፤ አብዛኛውን ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤት። የግል የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ ያለው ያው የገባው ነው። ዋጋውን እንኳን መክፈል መጠየቁም ያስፈራል። እንዲህም ሆኖ በሳምንት አንድ ሰው ሳይደውልልኝ አይቀርም። "ቤተሰባችን ሰፍቷል፣ ፕራዶ ልግዛ ወይ?" ይለኛል። ለሁሉም በየተራ ከማወራ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሦስተኛው ረድፍ ልጀምር፤ ብሩ የሚከፈለው ለእሱ ነውና። አምስት ሰው ብቻ ከሆናችሁ በግማሽ ዋጋ ሌላ ጥሩ መኪና አለ።

ወለሉ ለምን ከፍ እንዳለ መካኒኬ አንድ ቀን መኪናው በክሪክ ተነስቶ ሳለ አሳየኝ። ፕራዶ እንደ ጭነት መኪና ሻንሲ በሚባለው የብረት መሠረት ላይ የተቀመጠ ነው። የኋላ አክስሉ ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ብረት ነው። ያ ብረት ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወትበት ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከላዩ ያለው ወለል ከፍ ብሎ ተሠራ። ሦስተኛው ረድፍ ሲታጠፍ የሚተኛውም እዚያው ወለል ላይ ነው። ወለሉ ከፍ ሲልና ጣሪያው ባለበት ሲቀር የሚቀነሰው ከሰው እግር ላይ ነው። መቀመጫው ወለሉን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ በርጩማ ላይ እንደ መቀመጥ በሉት። ለልጅ ችግር የለውም። እስከ አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ላለ ልጅ እንዲያውም የራሱ ጎጆ ነው፤ የኔው ልጅ ሆዱ ደህና በሆነ ቀን ከዚያ ማስወጣት መከራ ነው። ለትልቅ ሰው ግን ከአራት ኪሎ ቦሌ ድረስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግፍ ነው።

የማስመለሱም ነገር ምክንያት አለው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ያለው ከጎማው በላይ ነው፤ ጉብታውን ሁሉ እሱ ቀድሞ ይቀምሰዋል። የዚያ ረድፍ መስኮት ደግሞ አይከፈትም። የኋላውን ማቀዝቀዣ ከመነሳታችሁ በፊት ክፈቱት። ጉዞ ካለ ልጁን ወተት አጠጥታችሁ አታስገቡት። እኔ የተማርኩት በወንበር እጥበት ነው።

ማንም ያልነገረኝ ሌላ ነገር የልጅ ወንበር ነው። ወደ ሦስተኛው ረድፍ ለመግባት የመሃሉን ወንበር አጥፎ ወደ ፊት መገልበጥ ያስፈልጋል። እሱ ላይ የልጅ ወንበር ከታሰረ አይገለበጥም። የኔን እህቴ ከዲሲ ስትመጣ ተሸክማ ነው ያመጣችልኝ፤ መጀመሪያ በቀኝ በኩል አሰርኩትና ኋላ ያሉት እስረኛ ሆኑ። አሁን ከሹፌሩ ጀርባ አስሬው ቀኙን ለመግቢያ ትቼዋለሁ። እዚያ የሚቀመጡት አማቴ ናቸው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ኋላ ያሉት እንዲወርዱ አማቴ መጀመሪያ መውረድ አለባቸው።

አማቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መኪናው ጎኑ ላይ መረገጫ አለው። ለእኔ ይበቃኛል፤ ለእሳቸው ግን መረገጫው ራሱ ደረጃ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ባለቤቴ ከሥር፣ እኔ ከውስጥ ሆነን እንስባቸው ነበር። እሳቸውም እየሳቁ "ልጄ፣ ይኼ መኪና ነው ፈረስ?" ይሉ ነበር። በኋላ ትልቋ ልጄ ዘዴ አመጣች። ከማድ ቤት ባለ ሦስት እግር የእንጨት ዱካ አውጥታ መኪናው ውስጥ አስገባች። በር ሲከፈት ዱካው ይወርዳል፣ አማቴ ይረግጡታል፣ ዱካው ይመለሳል። ሥላሴ ቤተክርስቲያን በር ላይ ይህን ሥርዓት ስናደርግ የሚያየን ሰው ብዙ ነው። በስንት ሚሊዮን የተገዛ መኪና በዱካ የሚሠራ!

የኋላ በሩ የራሱ ታሪክ አለው። ወደ ላይ አይነሳም፤ እንደ ቤት በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው። ማጠፊያው በቀኝ በኩል ነው። ጃፓኖች በግራ ስለሚነዱ እግረኛ መንገዱም በግራቸው ነው፤ በሩን ከፍተው ከእግረኛው መንገድ ላይ ቆመው ይጭናሉ። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው። ዳር ይዘን ስንቆም የተከፈተው በር ከእግረኛው መንገድ ይጋርደናል፤ ዕቃ ለመጫን መቆም ያለብን መኪና በሚያልፍበት በኩል ነው።

አንድ የገና ሰሞን እህል በረንዳ ሄጄ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ገዛሁ። ተሸካሚው ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። በሩን ከፈትኩት። ሦስተኛው ረድፍ ተነስቶ ነበር፤ ወንበሩ ቆሞ ሳለ ከጀርባው የሚተርፈው ቦታ የትምህርት ቤት ቦርሳ ቢይዝ ነው። ወንበሩን የሚያጥፈው ኤሌክትሪክ ነው። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። እሱ ደግሞ ቀስ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ እየተጎነበሰ፣ ይታጠፋል። ተሸካሚው 50 ኪሎ ትከሻው ላይ እንዳለ ቆሞ ያየኛል። በግራዬ ሚኒባስ ክንዴን ሊነካኝ ደርሶ ያልፋል። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "እናት፣ ጠጋ በይ! ጠጋ!" ይላል። ወዴት ልጠጋ? ፊቴ ጆንያ፣ ቀኜ በር ነው። እናንተ ወንበሩን ቤት አጥፋችሁ ውጡ።

መኪና ስታቆሙም ይህን በር አትርሱ። የፓርኪንግ ልጆች "ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ መሪ ቁረጪ፣ ነይ፣ በቃ!" እያሉ ግድግዳ ካላስነኩ አይረኩም። ከኋላ አንድ ሜትር ካልተረፈ በሩ አይከፈትም። የኋላ መስታወቱ ለብቻው እንደሚከፈት ያወቅኩት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም መኪና አጣቢ ልጅ አሳይቶኝ። ትንንሽ ፌስታል በዚያ በኩል ማስገባት ይቻላል።

ስፋቱ ወደ 1 ሜትር ከ88 ነው። አዳዲሶቹ የኮሪደር መንገዶች ላይ አይታወቃችሁም፤ አሮጌ ሕንፃ ሥር ስትገቡ ነው የሚታወቃችሁ። አንዱ ሕንፃ መውረጃ ላይ የቀኝ ጎኔን ከፊት በር እስከ ኋላ ጎማ አስጭሬዋለሁ። አሁን ስታዲየም አካባቢ ጉዳይ ካለኝ መስቀል አደባባይ ሥር ያለው ፓርኪንግ አቁሜ በእግሬ እሄዳለሁ። 1,400 መኪና የሚይዝ ነው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ለፕራዶ የሚሆን ቦታ አይጠፋም።

አሁን ጥሩውን ልናገር፤ አለበለዚያ መኪናው ይታዘበኛል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦ ስትወጡ 3,000ን ታልፋላችሁ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ስለሚያንሰው ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ያለው ናፍታ ግን አየሩን ራሱ እየጨመቀ ስለሚያስገባ ብዙም አይሰማውም። ሰባት ሰው ጭኜ፣ ድፎ ዳቦና የቡና ዕቃ ጨምሬ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ሞተሩ ድምፁን እንኳን ከፍ አያደርግም። ይህን የምለው ለምንድን ነው? ፕራዶ በ2.7 ሊትር ቤንዚንም ይመጣል። 163 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ቱርቦ የለውም። ዋጋው ቀለል ስለሚል ደላላ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ እሱን ነው። ለሁለት ሰው ምንም አይልም። ሰባት ሰው ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ ግን ከኋላችሁ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን አይለቅም። ለቤተሰብ ከሆነ ናፍታውን ፈልጉ።

ሁለተኛው ነገር መንገድ ነው። የባለቤቴ የአባቱ አገር መንዝ ነው። ከዋናው አስፋልት ከተገነጠላችሁ በኋላ ያለውን ኮረኮንች የሚያውቅ ያውቀዋል። ፕራዶ ከመሬት ወደ 22 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ጎማው ወፍራም ነው፤ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል። በክረምት ጭቃ ውስጥ ሌሎች ወርደው ሲገፉ እኛ እየበላን አልፈናል። ያን ቀን አማቴ ስለ ፈረሱ ቀልድ አላነሱም። በከተማ ውስጥም ሐምሌ ላይ መንገዱ ወንዝ ሲሆን ልብ ይሰጣል።

እዚያ የሚጠቅመው ከፍታና ሻንሲ ግን በፈጣን መንገድ ላይ ይጎዳል። ወደ አዳማ ስትሄዱ ከመቶ በላይ ከነዳችሁ ነፋስ ሲመጣ ሰውነቱ ይወዛወዛል። ፍሬን ድንገት ስትይዙ አፍንጫው ይደፋል። እኔ መቶ ላይ አስተካክዬ እሄዳለሁ፤ ሲቀድሙኝ ደህና ሁኑ እላለሁ።

ስለ ነዳጅ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። በከተማ ትራፊክ የኔው በአንድ ሊትር 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ታንኩ 87 ሊትር ነው። ናፍታ በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ "ሙሉልኝ" የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ።

ይልቅ ሰው የማያስበው ወጪ "የፕራዶ ዋጋ" ነው። ይኼ መኪና ይዛችሁ የትም ብትቆሙ ዋጋ ይጨምራል። ማንጎ ሻጯ ከመውረዴ በፊት የሳምንቱን ትርፏን አስባ ጨርሳለች። ተከራከርኩ። "ፕራዶ ይዘሽ በማንጎ ትከራከሪያለሽ?" አለችኝ፤ አፈርኩ፤ ከፈልኩ። አሁን ገበያ ስሄድ መኪናውን ራቅ አድርጌ አቁሜ ነጠላዬን ለብሼ በእግሬ እደርሳለሁ። ጋራዥም እንዲሁ ነው፤ ለሌላ መኪና በስልክ የተነገረኝ የፍሬን ሸራ መቀየሪያ ዋጋና የኔን መኪና በዓይናቸው ካዩ በኋላ የተነገረኝ አንድ ሆኖ አያውቅም። በሌላ በኩል የሕንፃ ጥበቃዎች "ማነሽ፣ ወዴት ነሽ" ሳይሉ በር ይከፍታሉ። ይሄ ለምን እንደሚያስደስተኝ አላውቅም፤ ግን ያስደስተኛል።

መለዋወጫ ሞልቷል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ የፕራዶ ዕቃ አጣሁ ብትሉ የሚያምናችሁ የለም። ኦሪጅናሉን ከማስመሰያው የሚለይ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ። ብዙ መኖሩ ሌባም ያበዛል። አንድ ማታ የግራ ስፔኪዮዬን ነቅለው ወሰዱት። በማግስቱ ያገለገለ ገዛሁ። ጥጉ ላይ ያለችው ጭረት የማውቃት ትመስለኛለች፤ ባለቤቴ "ዝም በይ፣ ተገጥሟል" አለኝ።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ሁለት ሦስት ነገር ልብ ይበል። መኪናውን ለማየት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ሂዱ። የናፍታ ሞተር ሕመሙ ብርድ ላይ ነው የሚታየው፤ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር የደከመ ከሆነ መጀመሪያ ሲነሳ ያንኳኳል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ሲሞቅ ዝም ይላል። እኔ መጀመሪያ ያየሁትን መኪና ደላላው ከመድረሴ በፊት አስነስቶ ጠበቀኝ። ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ እንደ ምጣድ ይፈጃል። "ለእጥበት አንቀሳቅሼው ነው" አለ። መኪናው ግን አቧራ እንደለበሰ ነው። ትቼው ሄድኩ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ በዓይናችሁ አመሳክሩ፤ "ተመሳክሯል" ሲሏችሁ አትመኑ።

ኢንሹራንሱንም እዩት። ብዙ ሰው ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቶ የሚያስመዘግበው የድሮውን ዋጋ ነው፤ አረቦኑ እንዲቀንስለት። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። መኪናው አሥር እያወጣ በአምስት ካስመዘገባችሁት፣ ጉዳት ሲደርስ የሚከፈላችሁ የጥገናው ግማሽ ሊሆን ይችላል። ውላችሁን አንብቡ፤ በየዓመቱ ሲታደስ ዋጋውን አስተካክሉ። ያ የቀኝ ጎኔ ጭረት ይህን አስተምሮኛል።

"ታዲያ ኤሌክትሪክ አይሻልም?" የሚለኝ ሰው አለ። ወንድሜ ባለ ሦስት ረድፍ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና አለው። አማቴ ያለ ዱካ ገብተው ተቀመጡበት፤ "እንዲህ ያለ ነው መኪና ማለት" አሉ፤ እኔ እዚያው ቆሜ። ድምፅ የለውም፣ ማታ ቤት ሰክቶት ያድራል፣ በወር ለመብራት የሚከፍለው እኔ በሳምንት ለናፍታ የማወጣውን አይሞላም። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትኖሩ ከሆነ እኔም ዛሬ የምገዛው እሱን ነበር፤ አልዋሽም። ግን መንዝ ይዞት አልሄደም። ከአዲስ አበባ ራቅ ሲል ቻርጅ የሚያደርግበት ቦታ እየቆጠረ ነው የሚነዳው፤ ኮረኮንች ሲያይ ደግሞ ባትሪው ከሥር ነው ብሎ ይሳቀቃል። ባለፈው ለፋሲካ አገር ቤት ስንሄድ መኪናውን ቤት አቁሞ ከኛ ጋር መጣ። ከኋላ ነው የተቀመጠው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከባሏ ጋር ፕራዶ ሊገዙ እንደሆነ ነገረችኝ። ባሏ ረጅም ነው። "እዚህ ከማወራችሁ ኑ" አልኳቸው። እሷን ከፊት፣ እሱን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩና ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ ነዳሁ። ፒያሳን ስናልፍ ያወራ ነበር። ቸርችልን ስንወርድ ዝም አለ። ለገሃር መብራቱ ላይ ቀይ ያዘን።

"ይቅርታ" አለ ከኋላ፣ "በሩ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?"